ከእኔ በር ፊት ለፊት

አባዬ፣

ከተለየኸን ዓመት ከሁለት ወር ሆነ። እስከ ዛሬ ያልጻፍኩልህ ጊዜ አጥቼ አይደለም፤ አፍሬ ነው።

እማዬ አሁንም ጓዳ ሆና ስትጠራህ እሰማታለሁ። በርበሬ በረንዳ ገበያ ያለውን የንግድ ቦታህን ወንድምህ ከድር ይዞታል። ከጎናችሁ የነበሩት የቆርቆሮ ሱቆች ፈርሰው ፎቅ ሊሠራባቸው ነው ይባላል። እኔም ዶክትሬቴን ጨረስኩ፤ ዩኒቨርሲቲ ስለ አንጀት ትላትል አስተምራለሁ። የተመኘኸው ሁሉ ሆኗል፣ አንተ ብቻ የለህም።

ላቦራቶሪዬ የመጣህበትን ቀን ታስታውሳለህ? ከስተህ፣ ፊትህ ገርጥቶ፣ ሰገራህን ካልመረመርኩ ብዬ የጨቀጨቅኩህ ጊዜ ነው። ሠርግ የተጠራ ሰው መስለህ፣ የኢድ ኮትህን ለብሰህ፣ የሰገራዋን ዕቃ በፌስታል ላይ ፌስታል ጠቅልለህ መጣህ። ጥበቃው ምን እንደያዝክ ቢጠይቅህ፣ ለልጄ ለዶክተሯ ነው ብለህ አለፍክ። ገና ዶክተር አልሆንኩም ነበር።

በማይክሮስኮፕ እንቁላሎቹን አገኘኋቸው። ያ ዓመታት የለፋሁበት ደም መጣጭ ትል በአባቴ ሆድ ውስጥ። ደስ አለኝ፤ አዎ አባዬ፣ ደስ ብሎኝ ነበር። አንተም ጎንበስ ብለህ እንድታይ አደረግኩህ። ይህቺን ስትፈልጊ ነው እንዴ ዓይንሽን የጨረስሽው ብለህ ሳቅክ፤ ሳቁ ወደ ሳል ተለወጠና ግድግዳ ተደግፈህ ቆምክ። ባልደረቦቼ ዞር ብለው አዩህ። በርበሬ ነጋዴ ነው፣ ሳል አይለቀውም አልኳቸው። እዚያ በረንዳ የማይስል ሰው አላውቅም፤ እኔም ያደግኩት ያንን ሳል እየሰማሁ ነው።

የአክታ መመርመሪያው ክፍል ከእኔ በር ፊት ለፊት ነበር።

የትሉን ኪኒን ሰጥቼ ሸኘሁህ። ከአራት ወር በኋላ ሆስፒታል ስናስገባህ ቲቢ ሳንባህን ጨርሶት ነበር። ሐኪሙ፣ ከመቼ ጀምሮ ነው የሚስለው አለኝ። ሁልጊዜ አልኩት። ሥራሽ ምንድን ነው ሲለኝ ግን የዩኒቨርሲቲ መታወቂያዬን ኪሴ ከተትኩት።

ከዚያ ወዲህ እማዬንም ራሴንም አስመረመርኩ፤ ነጻ ነን። ከድር ግን ይስል ነበር። የአክታ ዕቃ ሦስት ጊዜ ሰጠሁት፣ ሦስቴም ባዶውን መለሰልኝ፤ የበርበሬ ነው፣ አንቺ ደግሞ ይለኛል። ባለፈው ወር በደንበኞቹ ፊት፣ አባቴን የገደልኩት እኔም እንደዚህ ብዬ ነው ብዬ ጮህኩበት። በማግስቱ የአክታውን ዕቃ ሞልቶ ላቦራቶሪ መጣ። የአንተን የኢድ ኮት ለብሶ ነበር።

ተገኘበት አባዬ። ግን በጊዜ ነው የደረስንበት። መድኃኒቱን ጀምሯል፤ በየጠዋቱ ሲውጥ ቆሜ አያለሁ።

ተማሪዎቼን፣ አንድ ነገር ስላገኛችሁ መፈለግ አታቁሙ እላቸዋለሁ። በማን እንደተማርኩት አልነገርኳቸውም። ከእኔ በር እስከዚያኛው በር አምስት እርምጃ ነው። በየቀኑ እራመደዋለሁ። እስካለሁ ድረስ ስራመደው አስብሃለሁ።

ልጅህ ዘሃራ