ቁልቁለቱ ላይ ስለጠፉት አሥራ አንድ ደቂቃዎች

ለተከበሩ የመንግሥት ባቡር ድርጅት ተቆጣጣሪ ቦርድ ሰብሳቢ፣

ይህ ደብዳቤ ሲደርስዎ እርስዎም ቤተሰብዎም በሙሉ ጤንነት እንደምትገኙ ተስፋ አደርጋለሁ፤ እጄ ከብዕር ይልቅ የፍሬን እጀታ ስለለመደ ለጽሑፌ አለማማር ይቅርታዎን እለምናለሁ። ሃያ ሁለት ዓመት ባቡር የነዳሁ ሰው ነኝ።

፩ኛ፣ ለምርታማነት ዕቅድዎ ምስጋናዬ ይድረስዎ። አንድ ሰዓት ይፈጅ የነበረው የፍሬን ፍተሻ ወደ አሥር ደቂቃ በመውረዱ በቀን ሁለት ተጨማሪ ምልልስ አግኝተናል፤ ምልልሱ ስለጨመረም የዋና ሥራ አስኪያጃችን ደመወዝ በእጥፍ አድጓል። ቦርድዎ ይህን በአንድ ስብሰባ ማጽደቁ ትጋቱን ያሳያል። የፍሬን መለዋወጫ ግዢ ግን ይኸው ሦስተኛ ዓመቱን «በጥናት ላይ» ነው።

፪ኛ፣ የእህቴ ባል የፍሬን መካኒክ ነው። ማክሰኞ ጠዋት «ይሄ ባቡር ቁልቁለት አይወርድም» ብሎ የፍተሻ ቅጹን አልፈርምም አለ። የፈረቃ ኃላፊው በእሱ ቦታ ፈረመና «ሰዓት እየሄደ ነው፣ ተነሳ» አለኝ። እምቢ ማለት ነበረብኝ፤ የልጆች አባት ነኝና ፈራሁ፣ ተነሳሁ።

ቁልቁለቱ መሀል ፍሬን ስይዝ ባቡሩ አልሰማኝም። ከኋላዬ አራት መቶ ሰው አለ። ረዳቴ ድምጿን ዝቅ አድርጋ «ጋሼ፣ እየፈጠንን ነው» አለችኝ። ሁለታችንም የእጅ ፍሬኑ ላይ ተንጠለጠልን። ጣቢያውን ጡሩምባ እየነፋን አለፍነው፤ ያቆመን ማዶ ያለው ዳገት ነው። ወደ ኋላ ተመልሰን ስንገባ አንዲት እናት «ዛሬስ አበረርከን ልጄ» ብለው መርቀውኝ ወረዱ። እኔ የእጅ ፍሬኑን ገና አልለቀቅኩም ነበር።

፫ኛ፣ በማግስቱ «በነጂው ቸልተኝነት የአሥራ አንድ ደቂቃ መዘግየት» የሚል ቅጽ ቀረበልኝ፤ ፈረምኩ። የእህቴ ባል ግን ቃሉን አልቀይርም በማለቱ ዕቃ ግምጃ ቤት ተመድቦ መጥረጊያ ይቆጥራል። ነገ ያንኑ ባቡር በዚያው ቁልቁለት እንዳወርድ ታዝዣለሁ። አላወርድም። የፈረምኩትንም በዚህ ደብዳቤ ሽሬአለሁ።

ስለማያቋርጠው ክትትልዎ ከወገቤ ዝቅ ብዬ እጅ እየነሳሁ፣ ከነፍርሃቴ፣

የቁልቁለቱ መሥመር ነጂ

በኋላ የታከለ፦ በሚቀጥለው ሳምንት ከቦርድ አባላትዎ ጋር መሥመሩን ሊጎበኙ በባቡር ሳይሆን በመኪና እንደሚመጡ ሰምተናል። ሪፖርታችንን ማንም አያነበውም ብለን ስናማዎት ስለነበር ይቅር ይበሉን።