አዝዬ የትኞቹ ዘመዶቿ ጋ ትሂድ?

ለምወድህ ወንድሜ ጋሼ፣

ከራስ ጠጉርህ እስከ እግር ጥፍርህ እንደምን ከርመሃል? ጉልበትህስ ተሻለህ ወይስ ደረጃ ስትወጣ አሁንም እንደ አሮጌ በር ይጮኻል? የባለቤትህ የእትዬ ሳል ለቀቃት? መንትዮቹ ልጆችህስ እርስ በርስ መነካከሱን ተዉት? እኔ ከዓይኔ ድካም በቀር ደህና ነኝ፤ ፈጣሪ ይመስገን፣ ቀኑን ሙሉ ከፊደል ጋር ስጣላ እውላለሁ።

ደብዳቤህ ደርሶኛል። ቤታችን ተሸጦ ወደ ጠባብ ቤት ልትገቡ መሆናችሁን፣ ለአዝዬም ክፍል እንደማይተርፍ ጽፈህልኛል። «ዘመድ ከዘመዱ፣ አህያ ካመዱ» ብለህ ቀልደህ፣ በወሩ መጨረሻ ወደ ዘመዶቿ ትሂድ አልክ። ምን እደብቅሃለሁ፣ መጀመሪያ ሳነበው እኔም ሳቅሁ።

ሳቄን የነጠቀኝ ሥራዬ ነው። ማተሚያ ቤት ውስጥ እኛ አራሚዎች ጥንድ ጥንድ ሆነን ነው የምንሠራው፤ አንዱ ዋናውን ጽሑፍ ጮክ ብሎ ያነባል፣ ሌላው በታተመው ወረቀት ላይ በጣቱ ይከተላል። የኔ ጥንድ፣ የጠፋ ነጥብ ሲያድን ስለሚውል ነጥቤ የምንለው ሽማግሌ ነው። ባለፈው ሳምንት አንድ የተማሪዎች መጽሐፍ ደረሰን። ባሪያ ማለት፣ ይላል መጽሐፉ፣ እንደ ዕቃ የሌላ ሰው ንብረት ተደርጎ የተያዘ፣ ሳይወድ ያለ ደመወዝ የሚሠራ፣ ልሂድ ቢል መሄድ የማይችል ሰው ነው። ይህን አንድ መስመር ሦስት ጊዜ መላልሼ አነበብኩት። ነጥቤ ደንግጦ ውሃ አቀበለኝ።

ጋሼ፣ አዝዬ ደመወዝ ስትቀበል አይተህ ታውቃለህ? እኔ አላየሁም። ሁለታችንንም አዝላ አሳደገችን፣ እኛም ስሟን ከዚያው አወጣንላት፤ የፊተኛውን ማን ጠየቃት? በሷ ዕድሜ ያሉትን ሁሉ አንቱ እያልን እሷን አንቺ የምንላት እናት ስለሆነችን ይመስለኝ ነበር። ታዲያ ዕድሜ ልኳን ከማድቤቱ ጀርባ የምትተኛ፣ እኛ በልተን ስንነሳ የምትበላ ምን ዓይነት እናት ናት? ልጅ ሆኜ አንድ ቀን አገርሽ የት ነው ብላት፣ እናቴ እንጨት ልቀሚ ብላ ልካኝ ይኸው እስካሁን አልተመለስኩም ብላኝ ሳቀች። እኔም አብሬያት ሳቅሁ።

ቀጥሎ ባርነት የት፣ መቼ እንደተከለከለ የሚዘረዝር ሰንጠረዥ አለ፤ ዓመቶቹ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው። በሄይቲ ባሪያዎቹ ራሳቸው ተነስተው ጣሉት፤ በ1804 ነፃ አገር አወጁ። እንግሊዝ ለቅኝ ግዛቶቿ በ1833 ሕግ አወጣች፣ ፈረንሳይ በ1848፣ አሜሪካ በ1865፣ ብራዚል በ1888። ሞሪታኒያ፣ 1981 ላይ ስንደርስ ነጥቤ ያኔማ እኔ ሚስት አግብቻለሁ እኮ ብሎ ጭንቅላቱን ያዘ። የኛም አገር ዓመት አለበት፣ 1942። ደጋግሜ አሰላሁት፤ አያታችን አዝዬን ቤታችን ያስገቧት ከዚያ ዓመት በኋላ ነው። ሕጉ ወጥቷል፣ የኛን በር ግን አላንኳኳም።

ከአገራችን ዓመት አጠገብ፣ ጠርዙ ላይ፣ የጥያቄ ምልክት አደረግሁ። አለቃችን ጠራኝና ዓመቱ ስህተት ነው ካልሽ ማስረጃሽን አምጪ አለኝ። ማስረጃዬ እቤታችን ውስጥ ናት ልለው ነበር። አፈርኩ። ተሳስቼ ነው ብዬ በላጲስ አጠፋሁት። መጽሐፉም እንዳለ ታተመ።

እንግዲህ የትኞቹ ዘመዶቿ ጋ ነው የምትሄደው? አያቶቻችንም ወላጆቻችንም አልፈዋል፤ የቀረናት አንተና እኔ ነን። የኔ ክፍል ከአንድ አልጋ ሌላ አታስገባም፣ እሱም ቢሆን ተጠጋግተን ለሁለት ይበቃናል። አንተ ዘንድ መቅረት ካማራት ሳሎኑን ከፍለህ ስጣት። ብቻ አንተም አትወስንላት፣ እኔም አልወስንላት። አጠገቧ ቁጭ በልና የት መኖር ትፈልጊያለሽ ብለህ ጠይቃት። እንዳላችሁ ትልሃለች፤ እሱ መልስ አይደለም። ድገምላት። ዝም ብትልም ተቀምጠህ ጠብቃት።

እትዬን ግራና ቀኝ ሳምልኝ፣ ሳሉን ችላ እንዳትለው። መንትዮቹን እኩል ሳማቸው፣ አለዚያ ሌላ ጦርነት ነው። ለአዝዬ የጻፍኩትን ሰላምታ ሦስቴ ቀደድኩት። ፊደል አላስቆጠርናትምና የምታነብላት አንተ ነህ፤ ይቅርታ ደግሞ በሰው አፍ አይጠየቅም። ከወሩ መጨረሻ በፊት ራሴ እመጣለሁ። እስከዚያ ጓዟን እንዳትጠቀልልባት።

እህትህ
ከማተሚያ ቤቱ ፊት ለፊት፣ ከኪራይ ክፍሌ
ሰኔ 12 ቀን