ሰኞ እዚያ፣ ሐሙስ እዚህ

ማክሰኞ፣ ነሐሴ 13

ዛሬም አርፎ መቀመጥ አቃተኝ። ልጄን ማርታን አዲስ አበባ ካሉት ከሁለቱ ውድ የግል ዩኒቨርሲቲዎች የትኛው ውስጥ ላስገባት? የአንዱ ክፍያ የሌላው እጥፍ ነው። እዚህ ጎንደር ከቁስቋም ቁልቁል እየወረድኩ፣ በሁለቱም ለሚያስተምረው ለድሮ ጓደኛዬ ለታደሰ ደወልኩ።

«ሰኞ እዚያ፣ ሐሙስ እዚህ ነኝ» አለኝ። «የማስተምረው ያንኑ ነው።»

«ምነው ታዲያ ዋጋቸው እንዲህ ተራራቀ?»

«አንደኛው ሊፍት አለው» ብሎ ሳቀ።

«የራስህን ልጅስ የት ልታስገባት ነው?»

«እሷንማ እዚያው ጎንደር፣ አንተ የምታስተምርበት ዩኒቨርሲቲ ልልካት አስቤያለሁ። ሸጋ ነው አይደል?»

«በጣም እንጂ!» አልኩት፣ ሳላስበው።

ቤት ስገባ ማርታ በር ላይ ጠበቀችኝ። «አባዬ፣ ጓደኛህ የትኛው ይሻላል አለህ?»

ጫማዬን ሳላወልቅ ተመልሼ ወጣሁ።