ያዘገየሁት ቴሌግራም

ሐሙስ፣ ኅዳር 9 ቀን 1958 ዓ.ም.፣ ዲላ

ትናንት ከፖስታ ቤት የተቀበልኩትን ቴሌግራም እስከ ዛሬ ከሰዓት በኋላ በኪሴ ደብቄ ቆየሁ። የልጄ የደምሴ የዕረፍት ፈቃድ ተሰርዟል፤ እስከ ሰኞ ምጽዋ ተመልሶ ለባሕር ኃይሉ ሪፖርት እንዲያደርግ ይላል። ሰርጓጅ መርከብ የሚያሳድድ አዲስ መርከብ ላይ ተመድቦ ነው ለዕረፍት የመጣው።

ቡና ለቀማውን እንዲያግዘኝ ነው አልኩ ለራሴ። ውሸት ነው። ፈርቼ ነው።

ምሳ ላይ ስለ ሥራው ጠየቅሁት። አዲሱ መሣሪያ ድምፅ ወደ ውኃው ይልካል፤ ከሰርጓጁ ነጥሮ ሲመለስ እኔ አዳምጣለሁ አለኝ።

«ከታች ያለውስ አንተን አይሰማህም?»

«ይሰማል እንጂ፣ አባባ። የሚተርፈው ቀድሞ የሰማ ነው።» ሳቀ። «እርስዎ ቢቀጠሩ ኖሮ መሣሪያም ባላስፈለገ። ስኳር ስንሰርቅ ከጓሮ ሆነው ይሰሙን አልነበር?»

እናቱም ሳቀች። እኔ ቴሌግራሙ ያለበትን ኪሴን በእጄ ሸፈንኩ።

ከቡናው ማሳ እንደተመለስን ቴሌግራሙን ሰጠሁት። አነበበው።

«ዛሬ ነው የመጣው?»

«ትናንት።»

የዛሬው አውቶቡስ በጠዋት ሄዷል። በነገው ቢሳፈርም ሰኞ መድረሱ ያጠራጥራል፤ ካልደረሰ ከዳ ተብሎ ይታሰራል። ልጆቼ ነገር ሲደብቁኝ ስገርፍ የኖርኩ ሰው ነኝ። ይቆጣኛል ብዬ ፊቱ ቆሜ ጠበቅሁ።

«ምንም አይደል፣ አባባ» ብሎ ሸሚዙን ያጣጥፍ ጀመር።

ይቅርታ ልጠይቀው አፌን ከፈትኩ። የወጣው ግን «ጫማህን ጥረግ» የሚል ነው።