አራት ሴንቲሜትር እጥፋት

ልጄ፣ ጤናና ሰላም ከደጅህ አይራቁ። ከሁሉ አስቀድመህ አንድ ነገር ተረዳልኝ፤ እህትህ አንተ ያገናኘሃትን ድርጅት አላስቀየመችም፤ አስተማረችው እንጂ።

የላኩላት የጨርቅ መቁረጫ ማሽን ፈጣን ነው። ነገር ግን እህትህ ለተማሪዎች በምትሰፋው ሱሪ ጫፍ ወደ ውስጥ የምታጥፈውን አራት ሴንቲሜትር እንደ ብክነት ቆጥሮ ያስቀረዋል። በማስመሪያዬ ለክቼ አረጋግጫለሁ። የማሽኑን ልክ መቀየር የሚችሉት ደግሞ የድርጅቱ ሰዎች ብቻ ናቸው።

እህትህ ልኩን ቀይሩልኝ ብትላቸው ባለሙያቸው መጥቶ፣ «በእኛ አሠራር ካልሄድሽ ማሽኑን እንወስዳለን» አላት። አባትህ ደንግጦ፣ «ተይ እንጂ ልጄ፣ እሺ በያቸው» ቢላትም አልሰማችውም።

«ውሰዱት! ልጅ ያድጋል፣ ጌታዬ። ሱሪው የሚለቀቅ ጨርቅ ከሌለው እናቶቹ የሚጮኹት እኔ ላይ ነው» አለችው።

ሰውየው ጎንበስ ብሎ የራሱን ሱሪ ጫፍ ገልብጦ አየ። ከዚያ ወደ ቢሮው ደወለ። በሦስተኛው ቀን ማሽኑ አራቱን ሴንቲሜትር እያስተረፈ መቁረጥ ጀመረ።

ይህን ሁሉ ዓመት ሳስተምር እንደዚያ ቀን ኮርቼ አላውቅም። እሷ ግን «ወንድሜ ይቀየመኝ ይሆን?» እያለች ትብሰለሰላለች። አንተስ አንዱን ሱሪ ሦስት ዓመት የለበስከው በዚያች እጥፋት አልነበረም? ዕድሜህ ይርዘምልኝ፤ ይህን እንዳነበብክ ሳትውል ሳታድር ለእህትህ ጻፍላት።

እናትህ