አራተኛ ፎቅ ያለው ቤታችን

ለውድ እህቴ ለኪኑኮ፣

ዝናቡ ሳይገባ ደህንነትሽን ልጠይቅ ብዬ ነው። ጉልበትሽ እንዴት ነው? የእኔ ያው ነው፤ ከእሱ በቀር ደህና ነኝ።

እንግዲህ ቶኮሮዛዋ ከተማ ኮንዶሚኒየም ገዝተናል። ዕድሜው ልጄን ማሳኖሪን ያክላል፤ ቢሆንም ግድግዳው ታድሷል። የአባቱን ቤት ሸጬ ገንዘቡን ስሰጠው ምድር ቤት እንዲሆን ነግሬው ነበር። የገዛው ግን አራተኛ ፎቅ ሆኖ ተገኘ፤ ሊፍትም የለውም።

"እማዬ፣ ፀሐዩን አታዪም እንዴ?" አለኝ።

ፀሐዩስ እውነት ነው፤ ፍራሽ ማስጣት አይቸግርም። አሁን ታዲያ ምራቴ ቶሞኤ ደረጃውን ባየች ቁጥር ታዝንልኛለች። "እማማ፣ ይሄ ደረጃ ለእርስዎ እኮ አይሆንም" ትላለች። ሲገዙት ደረጃው አልነበረም መሰለኝ።

እጇ ሥራ አይፈታም፣ አልዋሽም። ሰሞኑን ልብሴን ሁሉ አውጥታ ስሜን ስትጽፍበት ሰነበተች፤ ካልሲዬንና የጥርስ ብሩሼን እንኳ አልተወችም። "እንዳይጠፋብዎት ብዬ ነው" አለችኝ። ሦስት ሰው ባለበት ቤት ካልሲዬን ማን እንደሚወስድብኝ እንጃ። ስም የተጻፈበት ካልሲ ያየሁት አክስታችንን መጦሪያ ቤት ልንጠይቅ የሄድን ቀን ነው፤ ትዝ ይልሽ የለ?

ትናንት ማሳኖሪ በሩ ላይ የስም ሰሌዳ ለጠፈ። የእሱና የሚስቱ ስም አለበት። "የእኔስ?" ብለው፣ "ቦታው ጠበበ እማዬ" ብሎ ሳቀ። እኔም ሳቅሁ።

ለባልሽ ሰላምታዬን አድርሺልኝ፤ በጤና ያቆያችሁ። መልስ ስትጽፊ በማሳኖሪ ስም ላኪው፤ ፖስተኛው በሩ ላይ የእኔን ቢፈልግ አያገኘውም። ያለው ካልሲዬ ላይ ነው።

እህትሽ ሺዙ