አባዬ፣ ልብ ወለድህን አላሳትመውም

ውድ አባዬ፣

ከተለየኸን ዓመት ከአራት ወር ሆነ። እማዬ ደህና ናት፤ ጉልበቷን ያማታል እንጂ ጨዋታዋ እንደ ድሮው ነው። እዚህ ጣሊያን ሃያ ሁለት ዓመት ፖርቲዬሬ ሆነህ በር የጠበቅክበት ሕንፃ ከአንተ ወዲህ ሰው አልተቀጠረበትም። መስታወት ባለባት ክፍልህ ውስጥ አሁን የነዋሪዎቹ ብስክሌት ይቆማል። ሦስተኛ ፎቅ ያሉት ሲኞራ ባገኙኝ ቁጥር «የአባትሽ መጽሐፍ መቼ ነው የሚወጣው?» ይሉኛል። ለእሳቸውም ነግረሃቸው ኖሯል።

የምጽፍልህም ስለ መጽሐፉ ነው። ሆስፒታል ሳለህ እጄን ይዘህ «አደራ፣ አሳትሚልኝ» ስትለኝ «እሺ» ብዬህ ነበር። አሁን ግን አላሳትመውም። ከመቆጣትህ በፊት እስክጨርስ ስማኝ።

ሰባቱን ደብተሮችህን እሑድ እሑድ ከቅዳሴ መልስ ኮምፒውተር ላይ ገለበጥኳቸው። አምስት ወር ፈጀብኝ። አዳሪ ትምህርት ቤት ሳለህ ከጎንህ ባለው አልጋ ይተኛ የነበረው ጓደኛህ ታደለ፣ ማትሪክ ሊፈተን ሳምንት ሲቀረው እንደሞተ ከልጅነቴ ጀምሮ አውቃለሁ። ከዚህ በላይ ግን ነግረኸን አታውቅም። ስለዚህ ስለ እሱ የጻፍከውን ልብ ወለድ የመጀመሪያ ደብተር የከፈትኩት የቀረውን ላውቅ ጓጉቼ ነው።

እውነቱን ልንገርህ፣ አባዬ፤ ልብ ወለዱ ጥሩ አይደለም። ከአዲስ አበባ የሚመጣው መርማሪ በሚያዝያ ሙቀት ካፖርቱን አያወልቅም። ታደለን የሚገድለው መርዝ ስሙ ሦስት ጊዜ ይቀያየራል። የመኝታ ቤቱን ኃላፊ ስጠረጥር፣ ወጥ ቤቱን ስጠረጥር ቆይቼ፣ ገዳዩ እስከ አሥራ ዘጠነኛው ምዕራፍ ድረስ ስሙ እንኳ ያልተነሳ የዳይሬክተሩ መንታ ወንድም ሆኖ አረፈው! ብቻዬን ሳቅሁ። ቴሌቪዥን ላይ የወንጀል ፊልም ስናይ ገና ሳይጋመስ «አሎራ፣ በቃ፣ ገዳዩ ዶክተሩ ነው» እያልክ የምታበሳጨን ሰው፣ ምን ነካህ?

ያም ሆኖ ቃሌን ላልበላ ብዬ ላሳትመው ቆርጬ ነበር። ከዚያ እትዬ አልማዝ መጡ።

የታደለን እህት፣ እትዬ አልማዝን፣ እዚህ ቤተ ክርስቲያን ግቢ ስታያቸው ሰላም ብለሃቸው ቶሎ ትሄድ ነበር። ዓይነ አፋርነት ይመስለኝ ነበር። አንድ ፋሲካ ላይ ስለ ወንድማቸው እየጻፍክ እንደሆነ ነግረሃቸዋል። በሙት ዓመትህ ዕለት ወደ እኔ መጥተው «ልጄ፣ ስለ ታደለ የጻፈውን አንብቤው ልሙት» አሉኝ። አትሜ ሰጠኋቸው።

ከሁለት ሳምንት በኋላ ካስትሮ ፕሬቶሪዮ ሰፈር አንድ ካፌ ቀጥረውኝ ወረቀቱን መለሱልኝ። አልተቆጡም። «ይሄ ልጅ የእኔ ወንድም አይደለም» አሉ ቀስ ብለው። «ወንድሜን መርዝ ያበላው የለም፤ አሞት ነው የሞተው። እኔ ማወቅ የፈለግሁት ሲታመም ማን አጠገቡ እንደነበር ነው።»

ቤት ገብቼ የመጀመሪያውን ደብተር አወጣሁ። ገና ከመነሻው በእስክሪብቶ የሰረዝካቸው አራት ገጾች ነበሩ። የተሰረዘ ነው ብዬ ስገለብጥ አልፌያቸው ነበር። ቁጭ ብዬ አነበብኳቸው።

እዚያ ውስጥ መርማሪ የለም። ታደለ ሆዱን ይዞ «ለማንም እንዳትናገር፤ ከሰሙ ወደ ቤት ይልኩኝና ፈተናው ያመልጠኛል» ይልሃል። አንተም ቃል ትገባለታለህ። ሁለት ቀን ብርድ ልብስህን ደርበህለት፣ ከመመገቢያ አዳራሹ ሻይ ደብቀህ እያመጣህለት፣ ለመምህራኑ «ጉንፋን ነው» ትላለህ። በሦስተኛው ቀን ማለዳ ላብ በላብ ሲሆን ሮጠህ ተናገርክ። በትምህርት ቤቱ መኪና ራሱን ጭንህ ላይ አድርገህ ሄድክ፤ ሆስፒታል ሳትደርሱ አረፈ። የመጨረሻው መስመር «ዝም ባልል ኖሮ» ይልና ይቋረጣል። በሚቀጥለው ገጽ ካፖርት የለበሰው ሰውዬ ከአውቶቡስ ይወርዳል።

ያ ሁሉ መርዝና ምርመራ ከየት እንደመጣ ያኔ ገባኝ። አርባ ዓመት ሙሉ ጥፋቱ የአንተ መስሎህ ኖረሃል። አንድ ቀን እንኳ ለእኛ ትንፍሽ አላልክም።

ለእትዬ አልማዝ ለማሳየት ፈራሁ። ቢረግሙህስ? ሦስት ቀን አመነታሁ፤ በአራተኛው ደብተሩን ይዤ ሄድኩ። ተቀጥረው የሚንከባከቧቸውን አሮጊት በተሽከርካሪ ወንበር ወደ መናፈሻ ያወጡበት ሰዓት ነበር። አጠገባቸው ተቀምጬ አነበብኩላቸው።

«ብርድ ልብሱን ደርቦለት ነበር?» አሉኝ።

«አዎ» አልኳቸው።

«እናቴ እስክትሞት ድረስ ልጄ ብቻውን ሞተ እያለች ነበር የምታለቅሰው። ብቻውን አልነበረም ለካ።» ደብተሩን ተቀብለው ጽሑፍህን በጣታቸው ዳሰሱት። «አባትሽም እኮ ልጅ ነበር። ምነው በሕይወት ሳለ በነገረኝ! ይህንኑ እለው ነበር።»

አባዬ፣ ይህ እንዲደርስህ ብዬ ነው የጻፍኩልህ።

ስለዚህ የማሳትመው አራቱን ገጾች ነው። አንዲት ቃል አልጨምርም፣ አልቀንስም። የቀረው መሳቢያ ውስጥ ይቆያል። ልጄ ሳራ አማርኛ ማንበብ ስለማትችል ገጾቹን ወደ ጣሊያንኛ እየመለስኩላት ነው፤ አያቷ ምን ያህል ጥሩ ጸሐፊ እንደነበር ከእነሱ ታውቃለች።

ባለፈው እሑድ እኔና እትዬ አልማዝ የአንተንና የታደለን የክርስትና ስም በአንድ ወረቀት ጽፈን ለቄሱ ሰጠናቸው። እኔ በሕይወት እስካለሁ ድረስ በየዓመቱ የሁለታችሁም ስም አብሮ ይጠራል። የጓደኛውን ራስ ጭኑ ላይ አድርጎ የሄደውን የአሥራ ሰባት ዓመት ልጅ አልረሳውም፤ አንተም «አሁን እረፍ» በለው።

ልጅህ፣
ማርታ